አንዲት «ት» ስትጎድል

መብራት በጠፋበት፣ ማክሰኞ ማታ ላይ፣
ጠረጴዛ ስበን እቅድ ያዝን፣ ባሕር ልናይ።
ወረቀቱ የደረሰኝ ጀርባ፣ ብዕሩ የስፌት ጠመኔ፤
ተናጋሪዋ ጦይባ፣ ጸሐፊው እኔ።

«አንድ፦ ዓርብ ከሰዓት፣ ሱቁ ይዘጋል በስምንት፤
ሁለት፦ ልጁ ለእህትህ፣ ከነልብሱ፣ ከነወተት፤
ሦስት፦ ቅዳሜ ማለዳ፣ አሸዋ ላይ መገኘት።
አራት፦ ጀልባ። አምስት፦ ደሴት።
ስድስት፦ ነጠላ ጫማ፣ ሁለት ጥንድ፤
ሰባት፦ ኮፍያ፣ ፀሐይ አለመድንምና እንዳንነድ።»

እዚህ ላይ ጠመኔው ቆመ።
«የቱ ደሴት?» አልኳት። «ውሃ የከበበው፤
ሌላ ሌላውንማ አጎቴ ነው የሚያውቀው።»

አጎቷ ሙሄ ዳውድ፣ አሰብ ተመላላሽ፣
በተሳቢ መኪና ሃያ ዓመት ጨው ላሽ፣
ረቡዕ ማታ መጣ፣ ከዘራውን ጥሎ፣
ካርታ አሳየን፣ በምስር ፍሬ ስሎ።
«ይኸ ኮምቦልቻ፣ ይኸ ባቲ፣ ሚሌ ይኸውና፤
ከዚህ ወዲያ ሌሊት ነው መንዳት፣ ቀኑ እሳት ነውና።
ከዚያ ጨው ነው ሜዳው። ከዚያ...» ብሎ ዝም አለ፣
የመጨረሻዋን ምስር በጣቱ እያንከባለለ።
ጠረጴዛው አለቀ፣ ምስሯ ወደቀች ከመሬት፤
«ያቻት» አለ ሙሄ፣ «ያቻት የኔ ደሴት።
ጭነት ሲወርድልኝ፣ ወረቀት ሲፈረም፣ ‹በሚቀጥለው ዙር› ስል፣
ሃያ ዓመት አየኋት ከመሪዬ ጀርባ፣ እንደ ግድግዳ ምስል።»

ሐሙስ ሒሳብ መጣ። የፓስፖርቱ ወረፋ ወር፣
መንገዱ ለመሄድ ብቻ ሁለት ቀን፣ መመለሱ ሳይቆጠር።
የጦይባ ዕረፍት ግን ቅዳሜና እሑድ፤
ሰኞ ገና በጠዋት ወደ ሆስፒታል መሄድ።
ዕቁቡም ለሌላ ወጣ፣ ለሰኞ ገበያው እንድሪስ፤
እሱ በግ ነው የሚገዛበት፣ ባሕር አያምረው፣ ዓሣ አይቀምስ።

«ሐይቅ እንሂድ በቃ፣» አልኩ፣ «በሚኒባስ ቅርብ ነው፣
ደሴትም አለው አሉ፣ መነኩሴ የሚኖርበት ነው።»
«ነበረው» አለች ጦይባ፣ «ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ተጋባ፤
ደግሞስ ገዳሙ ለወንድ ነው፣ እኔ ደጅ ልቆም፣ አንተ ልትገባ?»

ተናደድኩ መሰለኝ፣ ደረሰኙን ገለበጥኩት፤
የሱቃችን ማኅተም አለ ከፊቱ፣ «ደሴ» የሚል፣ ቀለሙ የሸሸበት።
ጦይባ ጠመኔውን ነጠቀችኝ፣ አየችው፣ ሳቀች፤
ከ«ደሴ» ጎን አንዲት «ት» ጨመረች፣
ቀጥ ብላ ክንዷን ዘርግታ፣ የጀልባ ምሰሶ የመሰለች።
«ይህን ያህል ቅርብ ኖሯል?» አለች።

እቅድ እቅድ ነውና፣ ልጁን ለእህቴ ሰጠን፤
ለአሸዋ የተገዛውን ነጠላ ጫማ አጠለቅን፤
ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በጦሳ ዳገት ወጣን።

ጉሙ ቀድሞን ነበር። ከተማ የለም። ፒያሳ የለም።
ሱቄም፣ የሱቄም ዕዳ፣ የዕቁብ ዳኛው ቆርቆሮም የለም።
ነጭ ውሃ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር የተኛ፤
አንድ ሚናራና አንድ ጉልላት፣ አንገታቸው ብቅ ብሎ፣ እንደ ዋናተኛ።
ጦይባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች፤
እግሯን ጉሙ ውስጥ ነከረች።
«ይቀዘቅዛል» አለች።
ከታች፣ ከማይታየው፣ የባጃጅ ጡሩምባ ጮኸ።
መርከብ ነው ልላት ነበር፤ ተውኩት።
ታውቃለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ባሕሩን ጠጣችው፤
ቆርቆሮው አንድ በአንድ ወጣ፣ ዕዳውም ከነባለቤቱ፣ እንዳስቀመጥነው።
ስንወርድ ሙሄ ደጃፋችን ቆሟል፣ ጋቢውን እንደለበሰ፤
«እህስ? እናንተስ ደረሳችሁ?» እያለ ወደኛ ገሰገሰ።
ጦይባ የሻሿን ጫፍ ጨመቀች፣ መዳፉ ላይ ሁለት ጠብታ ፈሰሰ፤
«ጨው ይጎድለዋል» አለ ሙሄ፤
እንደገና ቀመሰ።